የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ
ሥራንና የቤተሰብን ኑሮ በፎቶግራፍ ስለ መያዝ ለወሰኑ ከተሞች ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



የገላባት ስም በተጠራ ጊዜ በብዙ ሰው አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ጦርነት ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋራ ተዋግተው የወደቁት በዚሁ ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 የኢጣልያ ጦር ገላባትን ያዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ደግሞ የእንግሊዝና የህንድ ወታደሮች መልሰው ወሰዱት። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1984ና በ1985 ረኃብና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ከኢትዮጵያ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጐረፈ። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የተሰደዱ ከ50,000 በላይ ሰዎች ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ገቡ። በሚያዝያ ወር 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የስደቱ መንገድ ተገለበጠ፤ ከሱዳን የተነሣው ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ።

ከዚህ የተነሣ ካሜራ የያዘ እንግዳ ወደዚህ ወሰን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መከራ በደረሰ ጊዜ ነው። የሚያነሣውም ድንኳኑን፣ ረጅሙን ሰልፍ፣ ጓዟን በራሷ ተሸክማ የምትሄደውን እናት ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በአንዱ ጦርነትና በሌላው መካከል ስንት ክረምት አልፏል። በእነዚያ ክረምቶች ሁሉ ሰው ማሽላ ዘርቷል፣ ሰሊጥ አጭዷል፣ ልጅ ድሯል፣ ቤት ከድኗል። የአንድ አገር ዕድሜ የሚበዛው በእንዲህ ያለው ቀን ነው። ይህን ቀን በፎቶግራፍ የያዘው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የቆየው ብሂል «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል። የዚህም ንግግር አሳብ ይኸው ነው። የወሰኑን ሕዝብ ሥራና ቤት በፎቶግራፍ በሚገባ ሊይዝ የሚችለው እዚሁ የሚኖር፣ ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ካሜራ የያዘ ሰው ነው። እርሱም መምህር፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ነርስ ወይም ባለሱቅ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ ካሜራ አለው ማለት ስለሚቻል የመሣሪያ እጦት ምክንያት አይሆንም። የሚያስቸግረው «ምን ላንሣ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱም ከደጃፉ አይርቅም።

፩ኛ፤ ከመስኮት የተጀመረ ሥራ

በ1984ና በ1985 በኮረምና በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ሰፈሮች ተዘዋውረው ሥዕላቸው በዓለም ከታወቀላቸው ሰዎች አንዱ ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ናቸው። እኚህ ሰው በ1944 በብራዚል አገር አይሞሬስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸው የኢኮኖሚ ትምህርት እንጂ የፎቶግራፍ ትምህርት አልነበረም። በ1970 ባለቤታቸው ወይዘሮ ሌሊያ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ስለነበሩ ሕንፃ ለማንሣት አንድ ካሜራ ገዙ። ባልየው ያንኑ ካሜራ አንሥተው በመጀመሪያ ያነሡት ሥዕል ሌሊያ በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ የሚያሳይ ነበር።

ከ1971 ጀምሮ ሳልጋዶ መቀመጫው ለንደን ለሆነው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ሲሠሩ ለሥራ ጉዳይ ወደ አፍሪካ ይመላለሱ ነበር። በጉዟቸውም ካሜራው አልተለያቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሚጽፉት ሪፖርት ይልቅ የሚያነሡት ሥዕል ደስ እንደሚያሰኛቸው ተረዱ። በ1973 ደኅና ደመወዝ ያለውን ሥራ ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ፎቶግራፍ ገቡ። በኋላም ከ1986 እስከ 1992 በብዙ አገሮች እየተዘዋወሩ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎችን አነሡ፤ የወርቅ ቆፋሪውን፣ የሸንኮራ አገዳ ቆራጩን፣ የመርከብ አፍራሹን ሁሉ ሰበሰቡና በ1993 «ሠራተኞች» የሚል ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በግንቦት ወር 2025 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሰው ሁሉ ሥራውን ይልቀቅ የሚል አይደለም። ትምህርቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ዓለምን የዞረው ዐይን የተገራው በመጀመሪያ በገዛ ቤቱ መስኮት፣ ቀጥሎም በገዛ ሥራው መንገድ ላይ ነበር።

፪ኛ፤ የስም ነገር

በእኚህ ታላቅ ሰው ሥራ ላይ የተሰነዘረ አንድ ነቀፌታ ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል። ሱዛን ሶንታግ የተባሉት አሜሪካዊት ጸሐፊ በ2003 ባወጡት መጽሐፍ፣ ሳልጋዶ ስለ ስደተኞች ባሳዩት ሥራ ውስጥ የተነሡት ሰዎች ስማቸው አለመጻፉን ነቅፈዋል። ዝነኛ ሰው በተነሣ ጊዜ ስሙ ሁልጊዜ ይጻፋል፤ ድኻው ግን «አንድ ስደተኛ»፣ «አንድ ሠራተኛ» ብቻ ተብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱን መሆኑ ይቀርና የመከራው ምሳሌ ብቻ ይሆናል።

ነቀፌታው ለሳልጋዶ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ለወሰኑ ነዋሪ ግን የሚያመለክተው ነገር አለ። እንግዳ ፎቶግራፍ አንሺ በሦስት ቀን ውስጥ የሺህ ሰዎችን ስም ሊያውቅ አይችልም። የሰፈሩ ሰው ግን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ጆንያ የተሸከመው ጐልማሳ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ ስንት ዓመት በዚህ ሥራ እንደቆየ ያውቃል። ስለዚህ በመሣሪያና በጥበብ ቢያንስ እንኳ፣ ታላቁ ሰው ያጣው አንድ ነገር በእጁ አለ።

ስም የሚጠፋው የተነሣው ብቻ አይደለም፤ ያነሣውም ይጠፋል። በማሊ አገር በባማኮ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሴይዱ ኬይታ ሙያቸው አናጢነት ነበር። በ1935 አጎታቸው ከሴኔጋል ሲመለሱ ኮዳክ ብራውኒ የምትባል አነስተኛ ካሜራ አመጡላቸው። እርሳቸውም ቤተ ዘመዳቸውንና ጎረቤቶቻቸውን በማንሣት ጀመሩ። በ1948 ስቱዲዮ ሲከፍቱ ከሰው ኋላ የሚጋረድ መጋረጃ ስላልነበራቸው የገዛ አልጋቸውን ልብስ ሰቀሉ። ያ የአልጋ ልብስ ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች በተሰቀሉት ሥዕሎች ላይ ይታያል። ይሁን እንጂ በ1991 ሥዕሎቻቸው በኒው ዮርክ በትርኢት ላይ በቀረቡ ጊዜ በሥራቸው የተጻፈው «አንሺው ያልታወቀ» የሚል ነበር። ኬይታ ግን በሕይወት ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኔጋቲቮቻቸውንም በሣጥን ጠብቀው አስቀምጠው ነበር። ሰው ባማኮ ድረስ ሄዶ ስለጠየቀና ኔጋቲቮቹ ስለተገኙ ስማቸው ተመለሰ። ባይጠብቋቸው ኖሮ ሥዕሉ ያለ ባለቤት በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ለመንግሥት ሠራተኞች የቀረበ ነው። ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ በእንግሊዝ አገር በዱራም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። በዚያም በሱዳን ያገለገሉ የእንግሊዝ ሹማምንትና ሠራተኞች የጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ የዕለት ማስታወሻዎቻቸውና ፎቶግራፎቻቸው ተሰብስበው ይጠበቃሉ። እነዚህ ሰዎች ከቢሮ ሥራቸው በተረፈው ሰዓት ካሜራ የያዙ አማተሮች ነበሩ። ዛሬ የሱዳንን ያለፈ ዘመን የሚመረምር ሊቅ ሁሉ ወደዚያ ይጽፋል ወይም ይሄዳል። ነገር ግን የባዕድ ሹም በቅሎውን አቁሞ የሚያየው አደባባዩን፣ ገበያውንና ሰልፉን ነው። ወደ ጓዳ አይገባም፤ የምጣዱን ጢስ፣ የአራስ ቤቱን፣ የማታውን ጨዋታ አያይም። ያንን ሊያነሣ የሚችል የቤቱ ልጅ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ ሥራን ስለ ማንሣት

በዚህ አገር ለፎቶግራፍ የሚሆን ሥራ አይጠፋም። ሰሊጥን ብቻ ብንመለከት አንድ ሰው ሙሉ ወቅት የሚያነሣው ነገር ይበቃዋል። ሰሊጥ ፍሬው ሲደርስ፣ ቋቱ ተከፍቶ እህሉ ሳይፈስ በጥድፊያ ይታጨዳል፤ ይታሰራል፤ ነዶው ራሱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሂላ ሆኖ ይቆማል፤ በደረቀ ጊዜ በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል፤ ከዚያም ተነፍቶ በጆንያ ይገባል። አምስቱን ደረጃ በአምስት ሥዕል የያዘ ሰው የአንድን ሥራ ሙሉ ታሪክ ጻፈ ማለት ነው። አንድ ሥዕል ብቻ ቢያነሣ ግን «ሰው በእርሻ ላይ» ከማለት የበለጠ አይናገርም። ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ የሚያድርበት ዳስ፣ የሚበላበት ትሪ፣ ለሙቀቱ መከላከያ የጠመጠመው ጨርቅ የዚያው ሥራ ክፍል ነውና ሊቀር አይገባም።

በገዳሪፍ በኩል ደግሞ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ አለ። በዚያ የትራክተሩ ነጂ፣ የእህል ገበያው፣ ሚዛኑና ተሸካሚው የሚነሡ ናቸው። በበጋ ወራት በሱዳን በኩል የግራር ሙጫ የሚለቅመው ሰው፣ በመተማ በኩል የዕጣን ዛፍ ልጣጭ እየፋቀ የሚያደማው ሰው አለ። በከተማውም ውስጥ በጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴት፣ በደጃፉ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ የጭነት መኪና ጎማ የሚያድሰው ጎሚስታ አለ።

ሥራን ለሚያነሣ ሰው ሦስት ምክር ይበቃል። የመጀመሪያው ለብርሃን የሚሰጠው ጊዜ ነው። በዚህ ቆላ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትቆም ዐይን በጥላ ይሸፈናል፤ ፊትም ይጠቍራል። ስለዚህ ከማለዳው እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ወዲህ ያለው ብርሃን ይመረጣል። ሁለተኛው ወደ ሥራው መቅረብ ነው። ከሩቅ የተነሣ ሠራተኛ ጉንዳን ይመስላል፤ ቀርበው ያነሡት እጅ ግን የዓመታት ድካም ይነበብበታል። ሦስተኛው መታገሥ ነው። ሰው ካሜራ ሲያይ ሥራውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን አክብሮ አንድ ሥዕል እንደ ወደደው ያነሡለታል፤ ከዚያ ተቀምጠው ሲያጫውቱት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ይነሣል።

፬ኛ፤ ቤተሰብን ስለ ማንሣት

በየቤቱ ያለው ፎቶግራፍ ሲታይ የሚበዛው የሠርግ፣ የክርስትና፣ የዒድና የምረቃ ነው። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን በበዓል ቀን ሁሉም አዲስ ልብስ ለብሶ ስለሚቆም አንዱ ቤት ከሌላው ቤት አይለይም። ቤቱን ቤት ያደረገው ተራው ቀን ነው። እናት በበሩ ብርሃን ተቀምጣ ፈትል ስትፈትል፣ ታላቅ እኅት የታናሿን ሹሩባ ስትሠራ፣ አባት ማታ ከሥራ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ፣ ሕፃን ለትምህርት ቤት ፊቱን ሲታበስ፣ የገዳሪፍ ዘመድ መጥቶ በአንድ ትሪ ሲበላ፤ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ስለሚታዩ የማያልፉ ይመስላሉ። ከሁሉ አስቀድመው የሚያልፉ ግን እነርሱ ናቸው።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የጎጆው በር ራሱ ትልቅ መብራት ነው። የሚነሣውን ሰው ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ አስገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ ማዞር ብቻ ይበቃል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ይሆናል፤ የኋላውም ጨለማ የጓዳውን ዝርክርክ ይሸፍናል።

የቤተሰብ ሥዕል ለሌላው ሰው ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የወጣውን መጽሐፍ መመልከት ይችላል። መጽሐፉ የተሠራው ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች የቤት አልበም በተሰበሰቡ ሥዕሎች ነው። አንሺዎቹ ለታሪክ ብለው አላነሡም፤ ልጃቸውን፣ ጓደኛቸውን፣ እጮኛቸውን ነው ያነሡት። የከተማዋ የኑሮ ታሪክ የተገኘው ግን ከዚያ ነው።

፭ኛ፤ ስለ ፈቃድና ስለ ሕግ

ካሜራ በወሰን ከተማ ጥርጣሬ የሚያስነሣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለ ካሜራው ሕግን ማክበር አለበት። ወታደርን፣ የጦር ሰፈርን፣ የኬላ ፍተሻንና ድልድይን ያለ ፈቃድ ማንሣት ራስንም ሌላውንም ወደ ችግር ያገባል። በሹማምንት በኩል ደግሞ የሚከለከለው ስፍራ የትኛው እንደሆነ ለሕዝቡ በግልጽ ቢነገር መልካም ነው። ክልክሉ በታወቀ ጊዜ የቀረው የተፈቀደ መሆኑ ይታወቃል፤ እናቱን በደጃፏ ያነሣ ልጅም እንደ ሰላይ አይያዝም።

ከሕግ በላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። የጎረቤት ቤት የራስ ቤት አይደለም። ሴቶች መነሣት በማይወዱበት ቤት ካሜራው ከኪስ አይወጣም። በሽተኛና ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሳይጠየቅ አይነሣም። ስደተኛ ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ፊቱ በዓለም ቢታይ በአገሩ በቀሩት ዘመዶቹ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና። «እምቢ» ያለ ሰው ምክንያት እንዲሰጥ አይጠየቅም። «እሺ» ያለ ሰው ደግሞ ሥዕሉ ታትሞ እንዲደርሰው ይገባል። እንግዳው «እልክልሃለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ነገ በገበያ ይገናኘዋልና ቃሉን ከመጠበቅ ሌላ መንገድ የለውም።

፮ኛ፤ ስለ አጠባበቅ

በስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ሥዕል እንዳለ አይቈጠር። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል፤ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ከመቶው አሥሩን መርጦ ማሳተም ከመቶውም ማጣት ይሻላል። በታተመው ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ የሰውዬው ስም ከነአባቱ፣ የሥራው ዓይነት፣ ስፍራው፣ ቀኑና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍ። ከምስጥና ከእርጥበት እንዲድን በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ቅጂ ነው። የወሰን ሕዝብ ታሪክ እንዳስተማረው፣ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ልጁን ብቻ ይዞ የሚወጣበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን አልበም የሚያነሣ የለም። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የአባቱን መልክ ለልጁ የሚያሳየው ሌላ ከተማ ከዘመድ ዘንድ የተቀመጠ አንድ ቅጂ ይሆናል። ስለዚህ የገላባት ሰው አንዱን በገዳሪፍ፣ የመተማ ሰው አንዱን በጎንደር ቢያስቀምጥ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

በመጨረሻ ለሹማምንትና ለነዋሪዎች ሁለት አሳብ ይቀርባል። አንደኛው፣ በየማዘጋጃ ቤቱ ወይም በየትምህርት ቤቱ አንድ የከተማ አልበም እንዲከፈትና ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ሁሉ በዓመት አንድ የሥራና አንድ የቤት ሥዕል፣ ስሙ በጀርባው ተጽፎ፣ እንዲያስገባ ነው። ሁለተኛው፣ የሰሊጥ አጨዳ ካለቀ በኋላ የተሰበሰበው ሥዕል በአደባባይ እንዲታይና የተነሡት ሰዎች ራሳቸው መጥተው እንዲያዩት ነው። የመጣው ሰው የራሱን ወይም የልጁን ስም በስሕተት ተጽፎ ቢያገኝ እዚያው ያርመዋል። እንዲህ ያለውን እርማት በዱራምም ሆነ በኒው ዮርክ ያለ ሊቅ ሊያደርገው አይችልም።